ስድስተኛው መስመር

ጥቅምት 3 ቀን፣ ሐሙስ

እታለም፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጉንፋንሽ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ያንን ወፍራም ሹራብ ደርበሽ አልጋ ላይ ሆነሽ የሰው ጽሑፍ ታርሚያለሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ መንገዱ ወገቤን ትንሽ ያዝ ከማድረጉ በቀር። ሚስቴን እንደምታያት አምናለሁ። ወሯ ገብቷልና ዓይንሽን ከሷ ላይ እንዳታነሺ፣ በሞቴ።

ለተጓዥ መምሪያ መጽሐፋችን አዲስ እትም እንዳጣራ አለቃችን የሰጠኝን ዝርዝር አሥራ ሦስቱን ቦታ ጨርሼ አሥራ አራተኛው ላይ ደርሻለሁ። እስካሁን ስንት አርሜ ልኬልሻለሁ? እዚህ ሆቴሉ ተዘግቷል፣ እዚያ መታጠቢያው ውሃ የለውም፣ የዚያኛው ዋጋ በእጥፍ ጨምሯል። እዚህ ግን የማርመው አጣሁ። መጽሐፋችን ላይ ያለውን ስድስቱንም መስመር እንዳለ ልገልብጥልሽና አብረን እንየው፦

«ከዋናው መናኸሪያ ማክሰኞ ጠዋት የሚነሳው አውቶቡስ ድልድዩ አጠገብ ያደርሳል።
ከድልድዩ ስር የወንዝ ድምፅ ይሰማል።
ማረፊያው አራት ክፍሎች አሉት፤ አልጋዎቹ ሁልጊዜ ንጹሕ ናቸው።
ባለቤቲቱ በማንኛውም ሰዓት በር ላይ ቆማ በፈገግታ ትቀበላለች።
ጠዋት ትኩስ ዳቦ ከማር ጋር ይቀርባል።
ፖስታ ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል፤ ሐሙስ ይሄዳል።»

አንዷም አልተዛነፈች። አውቶቡሱን መናኸሪያው ውስጥ የሚያውቀው ሰው አልነበረም፤ ዞር ዞር ስል ጥግ ላይ ቆሞ አገኘሁት። የተሳፈርኩት ብቻዬን ነው። እንቅልፍ ወስዶኝ ስነቃ ድልድዩ ጋ ነኝ። የወንዙ ድምፅ ይሰማል፣ ደስ ሲል። ጎንበስ ብዬ ሳይ ግን ውሃ አላየሁም፤ ሣር ሸፍኖት ይሆናል። ባለቤቲቱም እንዳልሽው በር ላይ ቆማ ነበር። አልጋው ንጹሕ ነው፣ ዳቦው ትኩስ ነው። ጎረቤት ግን የለም፤ ዙሪያውን ጭጋግ ነው።

ለመሆኑ መቼ መጥተሽ አይተሽው ነው እንዲህ አድርገሽ የጻፍሽው? አንቺ አውቶቡስ ገና ከሩቅ ስታዪ የሚያዞርሽ ሰው። ለተጓዥ የሚጨመር ምክር ካስፈለገሽ፣ ቀላል ጫማ ያድርግ፣ ሳሙና ይያዝ፣ የሚነበብ ነገር አይርሳ በይ፤ ቦታው ጭር ያለ ነው። የጎደለ ነገር ቢኖር የመመለሻው አውቶቡስ ቀን ብቻ ነው። ጠይቄ እጽፍልሻለሁ።

ወንድምሽ

*

ጥቅምት 6 ቀን፣ እሑድ

ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። ጉንፋኑ ለቅቆኛል። ሚስትህም ደህና ናት፤ ትናንት አብሬያት ዋልኩ፣ እግሯ ትንሽ ከማበጡ በቀር ምንም አልሆነችም።

እንግዲህ ታላቅህ ነኝና አንድ ጊዜ እንኳ ሳትከራከረኝ ስማኝ። ይህን ወረቀት አንብበህ ሳትጨርስ ሻንጣህን ያዝና ውጣ። በእግርም ይሁን በጭነት መኪና፣ ባገኘኸው ና። ለምን እንደሆነ ስትመጣ እነግርሃለሁ፤ በደብዳቤ የሚወጣልኝ ነገር አይደለም። ቦታው ዝርዝሩ ውስጥ የገባው በስህተት ነው፤ ስህተቱም የማንም ሳይሆን የኔ ነው። ያን ሳምንት ታምሜ ባልተኛ ኖሮ ዝርዝሩ አንተ እጅ ሳይገባ እሰርዘው ነበር። ይቅር በለኝ።

መቼ አየሽው ላልከኝ፣ አይቼው አላውቅም።

ምናልባት መውጫ አጥተህ እስከ ሐሙስ ከቆየህ አንድ ነገር ብቻ ጻፍልኝ። ሴትየዋ ምን ትመስላለች? ቀይ ናት ጠይም? ረጅም ናት አጭር? ዕድሜዋስ? እንዳው አደራህን፣ ደህና አድርገህ እያት።

እህትህ

*

ጥቅምት 10 ቀን፣ ሐሙስ

እታለም፣

ፖስታው ዛሬ ጠዋት መጣ። መጣ ስልሽ፣ ከረጢቱ ድልድዩ ላይ ካለው ምስማር ተንጠልጥሎ ተገኘ ማለቴ ነው። ያመጣውን ሰው ያየ የለም። ይህን ደግሞ እዚያው ከረጢት ውስጥ ከትቼ ዞር ስል እንደሚወሰድ አውቄያለሁ።

ውጣ ትይኛለሽ፤ በምን ልውጣ? ማክሰኞ አውቶቡሱን ድልድዩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። መጣ፣ ቆመ፣ በሩ ተከፈተ። ሹፌሩን ላነጋግር በመስኮቱ በኩል ዞርኩ፤ ወንበሩ ላይ ሰው የለም። ልሳፈር እግሬን ሳነሳ ደግሞ አውቶቡሱም የለም። ሲሄድ አላየሁትም፤ የሞተር ድምፅም አልሰማሁም። ዓይኔ ነው ብዬ ደጋግሜ ጠራረግኩት።

ቀያሹ ሳቀብኝ። ቀያሽ የምልሽ ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ያለው እንግዳ ነው፤ ከኔ ሌላ ያለው እሱ ብቻ ነው። የመሬት ቀያሽ ነኝ ይላል፣ የኛን መጽሐፍ አሮጌ እትም ይዞ ነው የመጣው። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ አለኝ። ቀልደኛ ቢጤ ነው ብዬ አለፍኩት፣ ምክንያቱም ሸሚዙ ዛሬ ከሱቅ የወጣ ይመስላል፣ ጢሙም ጥቁር ነው። ከማረፊያው በር እስከ ድልድዩ አራት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ ለክቻለሁ አለ። ድልድዩን ተሻግሮ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሲራመድ ደግሞ የሚያገኘው የማረፊያውን በር ነው። እኔም ሳቅኩበት። ምሳ ሰዓት ላይ ግን እግሬን ላፍታታ ብዬ ማረፊያውን ከኋላ ለመዞር ሞከርኩ። እንዴት ብዬ ላስረዳሽ? ኋላ የለውም። በግራ በኩል ዞርኩና በቀኝ በኩል ወጣሁ።

ሌላም ልንገርሽ። ዳቦው ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ይገኛል እንጂ የሚጋግረው የለም፤ ምድጃም የለም። ማሩ አይጎድልም። አልጋዬ ላይ ሆን ብዬ ሻይ ደፋሁበት፤ ዘወር ብዬ ስመለስ ነጭ ነው። ሻዩ እንኳ ከሻንጣዬ የወጣ ነው፣ እዚህ ሻይ የሚባል የለም።

ስለ ሴትየዋ ለጠየቅሽኝ፣ ጉድ ነው የምነግርሽ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሳያት ነበር። ይኸው አሁን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ስቀመጥ ግን ፈገግታዋ ብቻ ነው የሚመጣልኝ። ቀይ ትሁን ጠይም አላውቅም። ተነስቼ ሄጄ አየኋትና ስመለስ እንደገና ጠፋኝ። ቀያሹ «እመት ደጃፍ» ይላታል፣ ምክንያቱም ከበሩ ንቅንቅ ብላ አታውቅም። ትናንት አንጀቴን በላችኝና ከክፍሌ ወንበር አውጥቼ አቀረብኩላት። ምን እንደሆነ የማታውቅ ሰው አስተያየት አየችው። ትከሻዋን ይዤ ዝቅ ላደርጋት ብሞክር ጉልበቷ አይታጠፍም።

አሁን እውነቱን ንገሪኝ። ያላየሽውን ቦታ እንዴት ጻፍሽው?

ወንድምሽ

*

ጥቅምት 13 ቀን፣ እሑድ

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ቆሜ ጀምሬ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነው የጨረስኩት። እሺ፣ ልንገርህ። እንዳትቆጣ ብዬ አልለምንህም፤ መብትህ ነው።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ አንተ ገና ተማሪ ሳለህ፣ አንድ ሌላ አሳታሚ መጽሐፋችንን ገጽ በገጽ እየገለበጠ በራሱ ሽፋን ይሸጥ ነበር። ብንከሰው ደግሞ «እኔም ሄጄ ያየሁትን ነው የጻፍኩት» ይላል። አለቃችን አንድ ቀን ጠራኝና የሌለ ቦታ ፍጠሪ፣ ከዕውነተኞቹ መሃል ሸጉጪልኝ አለኝ። የሌለውን ቦታ ከገለበጠ ሌብነቱ በዳኛ ፊት አፍጥጦ ይወጣል። ምሳ ሰዓት ላይ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ ሩብ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ፣ ስድስቱን መስመር ጻፍኩት። ሰውየው ገለበጠው፣ ተያዘ፣ ተፈረደበት። አለቃችን ጨዋታው ስለጣመው ቦታውን በየእትሙ እንዳለ አስቀረው። ከሱና ከኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አንተም አታውቅም ነበር።

ለአንተም ለሌላውም ጽሑፍ ለምታመጡልኝ ሁሉ የማስተምረውን ታውቀዋለህ። እንዴት እንደሚገባ፣ የት እንደሚታደር፣ ምን እንደሚበላ፣ እንዴት እንደሚወጣ። አራቱን ያላሟላ ጽሑፍ ከጠረጴዛዬ አልፎ አያውቅም። የዚያን ቀን ግን የሌለ ቦታ መውጫ ምን ያደርግለታል ብዬ ተውኩት። ወንዙንም ድምፁን ብቻ ነው የጻፍኩት። ሴትየዋንም መልክ አልሰጠኋትም፤ ስምም አልሰጠኋትም። የማረፊያውን ጀርባ ማን ይጠይቃል ብዬ?

የባሰውን ልንገርህ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንዲት ሴት ደብዳቤ ጻፈችልን። ባሏ መጽሐፋችንን ይዞ ወደዚያ ቦታ ሄዶ እንዳልተመለሰ ነግራን ፎቶውን አያይዛ ነበር። አለቃችንና እኔ ምን እንዳደረግን ታውቃለህ? ሳቅን። ሰውየው ሌላ ሴት ጋ ሄዶ በኛ ቦታ አመካኝቷል አልን። ደብዳቤውን የቀልድ ደብዳቤዎች የምናስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። መልስ እንኳ አልጻፍኩላትም። ትናንት አውጥቼ አየሁት፤ ሙያ ብላ «የመሬት ቀያሽ» ጽፋለች። ፎቶው አሁን ፊቴ ነው። ጢሙ ጥቁር ነው፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው። አለው?

ሚስትህ ደህና ናት።

እህትህ

*

ጥቅምት 24 ቀን፣ ሐሙስ

እታለም፣

ባለፈው ሐሙስ ያልጻፍኩልሽ ቆሽቴ አርሮ ነው። በዚያው ከረጢት አብሮ የመጣውን ሁለተኛ ደብዳቤሽንም ሳልከፍተው ሦስት ቀን አስቀመጥኩት። አሁን በርዶልኛል። ይቅር ብዬሻለሁ ለማለት ግን ገና ነኝ፤ ቤቴ ስገባ እልሻለሁ።

ጠባሳው አለው። ደብዳቤሽን አነበብኩለት፤ መደበቅ አልቻልኩም። አዳመጠኝና ሚስቱ የእጅ ጽሕፈቷ ምን ይመስል እንደነበር ብቻ ጠየቀኝ። ከዚያ ወጥቶ እርምጃውን መቁጠር ጀመረ። እኔም አብሬው ቆጠርኩ። ድልድዩን ተሻገርን፣ ጭጋጉ ውስጥ ገባን፣ ወደ ኋላ ሳንዞር ቀጥ ብለን ሄድን። አራት መቶ አሥራ ሁለት ላይ እመት ደጃፍ በፈገግታ ተቀበለችን። አምስት ጊዜ ሄድን። አምስቱንም ጊዜ እንደ አዲስ እንግዳ ተቀበለችን።

ፖስታው ለምን ይሄዳል ብለሽ የሚገርምሽ ከሆነ፣ «ይሄዳል» ብለሽ ስለጻፍሽለት ነው። ይህን ያገኘው ቀያሹ ነው። አንቺ ያልሽው ሁሉ አለ፣ ያላልሽው የለም። ስለዚህ አዲሱ እትም ማተሚያ ቤት ሳይገባ መመለሻውን ጻፊልን። ሌላ መላ አልታየንም።

አንድ ሌላ ነገር አለ። እንድጽፍልሽ የጠየቀችኝ እሷ ራሷ ናት። ስናወራ በሩ ላይ ሆና ትሰማ ኖሯል። አጠገቧ ሳልፍ ዝግ ባለ ድምፅ «እግሬን ያመኛል» አለችኝ። ይህን ስትል እንኳ ፈገግ እንዳለች ናት። «በማንኛውም ሰዓት» ነው ያልሽው፣ አይደል? አሥራ አንድ ዓመት ቆማለች። ተኝታ አታውቅም። ለእኛ መውጫ ስትጽፊ እባክሽ ለሷም አንድ መቀመጫ ጻፊላት።

ደግሞም ስለ ሚስቴ ምንድነው የምትደብቂኝ? በሁለት ደብዳቤ «ደህና ናት» ብቻ ብለሽ አልፈሻል። አንቺ ስለ ጎረቤትሽ ድመት እንኳ አንድ ገጽ የምትጽፊ ሰው ነሽ።

ወንድምሽ

*

ጥቅምት 27 ቀን፣ እሑድ

ወንድሜ፣

መጀመሪያ የደበቅኩህን። ሴት ልጅ ወልደሃል። የተወለደችው ጥቅምት 11 ቀን ነው፤ ያን ስድስት መስመር የጻፍኩበትን ቀን ስናዘዝልህ የሁለት ቀን ልጅ ነበረች። ያልነገርኩህ ሚስትህ ብዙ ደም ስለፈሰሳት ነው። ዘጠኝ ቀን ሐኪም ቤት ተኛች። አንተ ብትሰማ እዚያ ጭጋግ ውስጥ ምን እንደምታደርግ ስለማላውቅ አፌን ያዝኩ። አሁን ቤቷ ገብታለች፣ ትበላለች፣ ትቆጣኛለች። ልጅቷ አፍንጫዋ ያንተ ነው፣ ምስኪን።

አሁን ስለ መጽሐፉ። አለቃችን ቦታው ዘንድሮ ከመጽሐፉ ይውጣ ብሎ ወስኖ ነበር። ገጹ ቢሰረዝ እናንተ የት ትገባላችሁ? እውነቱን ብነግረው አእምሮዋን ነካት ስለሚል፣ አንባቢ ይወደዋል ብዬ ለምኜ አስቀረሁት። እሱ እሺ ሲል ደግሞ የማተሚያ ቤቱ ሰውዬ እምቢ አለ። ገጹ ለማተሚያው ተዘጋጅቶ አልቋል። ዳር ላይ ስለሆነ የመጨረሻውን መስመር ብቻ ቆርጬ ልተካልሽ እችላለሁ አለኝ። መሃሉን መንካት አይቻልም፣ መጨመርም አይቻልም። ከሰባት ስምንት ቃል በላይ አይገባበትም።

የመጨረሻው መስመር የፖስታው ነው።

አንተ የጠየቅከኝ ሁለት ነገር፣ ያለኝ ቦታ አንድ ነው። ቁጭ ብዬ ሁለቱን በአንድ መስመር ለማስገባት ወረቀት ጨረስኩ፤ አልሆነም። ውሸት አልነግርህም፣ ለመምረጥ ግን አልተቸገርኩም። እንዲህ ብዬ ሰጠሁት፦ «ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡሱ እንግዶችን ወደ ዋናው መናኸሪያ ይመልሳል።»

ዓርብ ይታተማል። ስለዚህ ይህ የሚደርስህ የመጨረሻው ደብዳቤ ነው፤ ሐሙስ የምትልክልኝም የመጨረሻው ነው። ምንም አትላክ። ሻንጣህን አዘጋጅተህ ቅዳሜን ጠብቅ። ለቀያሹ ሚስቱ እዚያው ቤት እንዳለች ንገረው፤ ሄጄ አጣርቻለሁ። በሯን አንኳኩቼ ግን ማን እንደሆንኩ ለመናገር ወኔው አልነበረኝም።

ለሴትየዋ ምን እንደምትላት አላውቅም። ቦታ አልነበረም በላት።

እህትህ

*

ህዳር 14 ቀን፣ ረቡዕ

እታለም፣

ቤቴ ካንቺ ቤት ሦስት ፌርማታ ነው፤ እኔ ደግሞ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ። ታፍሪብኝ ይሆናል። ከመጣሁ አሥራ አንድ ቀን ሆነኝ። ሁለት ጊዜ መጥተሽ ተኝቷል ያስባልኩሽ አልተኛሁም ነበር። ልጄን አቅፌ ጓዳ ተቀምጬ ድምፅሽን ስሰማ ነበር። ይቅር ብዬሻለሁ፤ እሱ ከልቤ ወጥቷል። ፊትሽን ሳይ ግን ምን እንደምልሽ ስለጨነቀኝ ነው።

በሚስቴ በኩል በላክሽልኝ ወረቀት ላይ ያ ሁሉ ሲሆን ስለሴትየዋ ለምን አንድ ቃል አልተነፈስክም ላልሽው፣ እንግዲህ ስሚኝ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ድልድዩ ላይ የነበረው ምስማር ጠፋ። ቀዳዳው እንኳ የለም። ቀያሹ «ታተመ» አለና ጫማውን ማሰር ጀመረ። ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡሱ መጣ፤ አሁንም ሹፌር የለውም፣ በሩን ከፍቶ ግን ጠበቀን። ቀያሹ ሮጦ ተሳፈረ። እኔ ተመለስኩ፤ ትቻት መሄድ አቃተኝ። እጇን ይዤ ነይ አልኳት። እጇ ይቀዝቅዝ ይሙቅ አሁን አላስታውስም። ብጎትታትም ከደጃፉ አንድ ስንዝር አላለፈችም። አልታገለችኝም እኮ። ዝም ብላ አልሄደችም።

«የጻፈችኝ ሴት እንዲህ መሆኔን ታውቃለች?» ብላ ጠየቀችኝ።

ዋሸኋት፣ እታለም። አታውቅም አልኳት። ካወቅሽ በኋላ እኔን መርጠሽ እሷን እንደተውሽ እንዴት ብዬ ልንገራት?

«እንግዲያው ያወቀች ቀን ትመጣለች» አለች። ከዚያ ስምሽን ጠየቀችኝ። ስምሽን ከነአባታችን ነገርኳት። አውቶቡሱ ሲዞር በመስኮት አየኋት፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። እንዳትረሳው እየደጋገመችው ይመስለኛል።

ቀያሹን ቤቱ ድረስ ሸኘሁት። የከፈተችው ሚስቱ ናት፤ ፀጉሯ ሸብቷል። እሱ ደግሞ ያው የፎቶው ሰው ነው። እላይ እታች አየችውና፣ ባሌ ታናሽ ወንድም እንዳለው ነግሮኝ አያውቅም አለችው። እሱም ገብቶ ተቀመጠ። እኔ እዚያ ላይ ትቻቸው ወጣሁ።

ይኸው ነው። እሑድ ልጅቷን ይዤ እመጣለሁ፤ ይህን ካነበብሽ በኋላ ፊቴን ለማየት ከፈለግሽ።

ወንድምሽ

*

ህዳር 19 ቀን፣ ሰኞ

ወንድሜ፣

ትናንት ልጅቷን ጭኔ ላይ አድርጌ ስስቅ፣ አንተም ስትቀልድ፣ ይህን ልነግርህ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። እንዳትከለክለኝ ብዬ ዋጥኩት። አሁን በበርህ ስር አሹልኬልህ ልሄድ ነው። ነገ ማክሰኞ ነው።

ስሜን በመንገርህ አልተቀየምኩም። ሌላ ስም ብትሰጣት ይሻል ነበር ብዬም አላስብም። መቼም አንተ ለሰው ፊት የምትሳሳ ሰው ነህ፤ እሷን ያህል ሰው ሳታሳዝንህ ብትቀር ነው የምደነግጠው።

መጽሐፉ ከወጣ ወዲህ ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት የአንባቢ ደብዳቤ ደርሷል። ፈርቼ ነበር የከፈትኳቸው። ሦስቱም ደስ ብሏቸው ነው የጻፉት። ጸጥታውን ወደውታል፣ ዳቦው ትኩስ ነው፣ ቅዳሜ በሰላም ተመልሰዋል። አንዷ እንዲያውም ሳሙና መያዝ አይርሳ ብላ ለሌላው ተጓዥ ምክር ጨምራለች። ሦስቱም ግን መጨረሻ ላይ «ባለቤቲቱ ሰላም ብላሻለች» ብለው ስሜን ከነአባቴ ጽፈውታል። መጽሐፉ ላይ ስሜ የትም ቦታ የለም። አምስት ሺህ ቅጂ ነው የወጣው፣ ወንድሜ። ከእንግዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ሰው ይሄዳል፣ እሷም ለእያንዳንዱ ቆማ ፈገግ ትላለች።

በሚቀጥለው እትም አስተካክላለሁ ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። የሚቀጥለው እትም ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። እኔ እንኳን ሦስት ዓመት፣ ያን ወረቀትህን ካነበብኩ ወዲህ ሦስት ቀን ቆሜ መዋል አቃተኝ። ትናንት አንተን ስሸኝ በር ላይ ጥቂት ቆምኩ፣ አስታወስክ? እየሞከርኩት ነበር። ብዙም ሳልቆይ ወንበር ፈለግኩ።

አራተኛውን መስመር ደጋግሜ አነበብኩት። በር ላይ የምትቆመው ባለቤቲቱ ናት ይላል። ያን ማረፊያ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ከኔ ሌላ ባለቤት የለውም። እሷ አሥራ አንድ ዓመት የቆመችው በኔ ቦታ ነው። ሄጄ ቦታዬን እረከባታለሁ። ከተረከብኳት እሷ እንግዳ ትሆናለች፤ እንግዳ ደግሞ ቅዳሜ ይመለሳል። እንዲህ ነው ያሰብኩት። ልሳሳት እችላለሁ፣ ከዚህ በፊትም ተሳስቻለሁ፤ ግን ሄጄ ካላየሁት በቀር የማጣራበት መንገድ የለኝም። ይህን ሙያ ያስተማርኩህ እኔ አይደለሁም? ሳያዩ አይጻፍም እያልኩ።

ለአለቃችን የሁለት ሳምንት ፈቃድ ሞልቻለሁ፤ ሌላ ምን ልበለው። የቤቴ ቁልፍ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው። የመስኮቱን አበባ ውሃ አጠጣልኝ። ለሚስትህ ቀስ ብለህ ንገራት፣ ወተቷ እንዳይነጥፍ። ደብዳቤ አትጠብቅ፤ የፖስታውን መስመር የበላሁት ራሴ ነኝ። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽህም።

ቅዳሜ መናኸሪያ ሂድልኝ። መልኳን አላስታውስም ብለሃል፤ አይቸግርህም። ከሚወርዱት ሁሉ ፈገግ ያላለችው፣ ደክሟት እግሯን እየጎተተች የምትወርደው እሷ ናት። ቤት ወስደህ አስቀምጣት። ስም ከሌላት ስሜን ትውሰድ። እኔን አትጠብቅ።

እህትህ